የማይሰማ ችሎት

ግንቦት 21 ቀን 2009 ዓ.ም. ማለዳ ላይ ማክስዌል ማሃማ የተባለ የጋና ጦር መኮንን ዴንቺራ ኦቡዋሲ በምትባል አነስተኛ ከተማ አቅራቢያ የሲቪል ልብስ ለብሶ ለሩጫ ወጣ። ወደ አካባቢው የመጣው ሕገወጥ የማዕድን ቁፋሮን እንዲቆጣጠር ከተመደበ ጦር ጋር ነበር። መንገድ ዳር ቀንድ አውጣ የሚሸጡ ሴቶች ዘንድ ቆም ብሎ ዋጋ ሲጠያይቅ፣ ሴቶቹ ወገቡ ላይ የሻጠውን ሽጉጥ አዩና ደነገጡ። ዘራፊ መስሏቸው ለአካባቢው የምክር ቤት ተመራጭ ስልክ ደወሉ፤ ተመራጩም ሰው አሰባሰበ። ብዙም ሳይቆይ መኮንኑ ዱላና ድንጋይ በያዙ ሰዎች ተከበበ። ወታደር ነኝ ቢልም ሰሚ አላገኘም። ቀጥቅጠው ገደሉት፤ አስከሬኑንም በእሳት ለበለቡት። ሕግ ለማስከበር የተላከ ሰው፣ ሕግ እናስከብራለን ባሉ ሰዎች እጅ አለቀ።

የዚህ ታሪክ ሁለተኛው ክፍል እምብዛም አይነሣም። በግድያው 14 ሰዎች አክራ ላይ ለፍርድ ቀረቡ። የግድያው ቪዲዮ በየስልኩ ተሰራጭቷል፣ አገር ተቆጥቷል፣ ጦሩ አዝኗል። ችሎቱ ግን ዓመታት ወስዶ የእያንዳንዱን ተከሳሽ ድርሻ ለየብቻ መረመረ። እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2024 አሥራ ሁለቱ በዕድሜ ልክ እስራት ሲቀጡ፣ የምክር ቤቱ ተመራጭም ከነሱ አንዱ ሆነ። ሁለቱ ተከሳሾች በነጻ ተሰናበቱ። አገር ሁሉ ገዳይ ናቸው ብሎ ካመነባቸው 14 ሰዎች መካከል ሁለቱ ወደ ቤታቸው መግባት የቻሉት ጠበቃቸው ስለተናገረና ማስረጃው ስለተመዘነ ነው። ያን ዕለት ጠዋት መኮንኑ ያጣው ዕድል፣ በእሱ ሞት ለተከሰሱት ተሰጣቸው። እንዲህ መሆኑም ትክክል ነው።

ስለ ደቦ ፍርድ የሚጻፈው አብዛኛው ነገር ጭካኔውን የሚያወግዝ ነው። ውግዘቱ ተገቢ ቢሆንም ክርክሩን አያሸንፍም፤ «ለሌባ ምን ይታዘንለታል? እሱ ለድሃ መቼ አዘነና?» የሚል መልስ ወዲያው ይመጣል። በዚህ መልስ ክርክሩ ስለ ቅጣቱ ልክ ይሆናል፤ አንዱ በዛ ይላል፣ ሌላው አነሰ ይላል። እኔ የምለው ጥፋቱ ከቅጣቱ በፊት የተፈጸመ መሆኑን ነው። ደቦው ቅጣቱን ከመጀመሩ በፊት «ይህ ሰው በእርግጥ አድርጎታል?» የሚለውን ጥያቄ የሚጠይቅበት ጊዜም፣ ቦታም፣ ሰውም የለውም። የሚደበድበው እጅ አለው፤ የሚሰማ ጆሮ ግን የለውም። ስህተት ቢሠራ ስህተቱን የሚያውቅበት መንገድም የለውም። «ሌባ ቢሆንስ?» የሚለው ሙግት ተቀባይነት የሚያገኘው ሰውየው ሌባ መሆኑን አስቀድመን ስንቀበል ብቻ ነው። እሱን ደግሞ ገና ማንም አላረጋገጠም።

ይህን ለመረዳት ጋና ድረስ መሄድ አያስፈልገንም። ነሐሴ 6 ቀን 2010 ዓ.ም. ሻሸመኔ ላይ፣ ለአክቲቪስቱ ጃዋር መሐመድ አቀባበል እጅግ ብዙ ሕዝብ በወጣበት ቀን አንድ ሰው «ቦምብ ይዟል» ተባለ። ከዚያ በኋላ የሆነውን አገር በስልኩ አይቶታል፤ ሰውየው ተገደለ፣ የቁልቁሊትም ከምሰሶ ላይ ተሰቀለ። ቦምብ አልነበረም። ሁለት ወር ያህል ቆይቶ፣ በጥቅምት 2011 ዓ.ም.፣ ምዕራብ ጎጃም ውስጥ አዲስ ዓለም በምትባል ከተማ ለጤና ጥናት የሄዱ ሁለት ተመራማሪዎች «ልጆቻችንን ሊመርዙ መጡ» በሚል ወሬ በሕዝብ እጅ ተገደሉ። በሁለቱም ቦታ ገዳዮቹ ክፋት አስበው ከቤታቸው አልወጡም። አንዱ ጋ የመጣ እንግዳን ከጥቃት ለመጠበቅ፣ ሌላው ጋ የወለዱትን ልጅ ለማዳን ነው የተነሡት። ልብ የሚሰብረውም ይኸው ነው። በሁለቱም ቦታ ነገሩን ለማጣራት ብዙ አይጠይቅም ነበር፤ ሻንጣ መፈተሽ፣ ለጤና ጽሕፈት ቤት ስልክ መደወል፣ ሰዎቹን ለፖሊስ አስረክቦ እስኪጣራ መጠበቅ በቂ ነበር። በጎ ሐሳብ የነበራቸው ሰዎች ያጡት ግማሽ ሰዓት የመጠበቅን ልማድ ነው።

ጥፋተኛን በአቋራጭ የማወቅ ፍላጎት አዲስ ነገር አይደለም። አያቶቻችን «ሌባ ሻይ» የሚሉት ሥርዓት ነበራቸው። ንብረት የጠፋበት ሰው አቤት ሲል፣ ሌባ ሻዩ አንድ ታዳጊ ልጅ አደንዛዥ ነገር አጠጥቶና አስጭሶ፣ ወገቡን በገመድ አስሮ ይለቀዋል። ልጁ እየተንገዳገደ መንደር ለመንደር ይሄዳል፤ ሄዶ ሄዶ የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ተብሎ የጠፋውን ይከፍላል። ያ ሰው «እኔ አልሰረቅሁም» ቢል ማስረጃው ምንድን ነው? የሰከረ ልጅ እደጁ ላይ ወድቋል፤ ነገሩ አልቋል። በኋላ መንግሥት ሥርዓቱን ከለከለው። ያኔ የነበረው ሕዝብ ሞኝ ስለነበረ ነው የተጠቀመበት ማለት ግን ስህተት ነው። በሬው ወይም ብሩ የጠፋበት ሰው ሌባውን ሳያውቅ መኖር ይከብደዋል፤ ጎረቤቱን ሁሉ በጥርጣሬ ከማየት የተሳሳተም ቢሆን አንድ ስም ይሻለዋል። ይህ ስሜት ዛሬም አለ፤ ነገም ይኖራል።

በናይጄሪያ ደቡብ ምሥራቅ አባ በተባለችው የንግድ ከተማ የታየውም ይኸው ነው። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ ላይ የታጠቁ ዘራፊዎች ያስመረሯቸው ጫማ ሠሪዎችና ነጋዴዎች ራሳቸውን አደራጁና «ባካሲ ቦይስ» ተባሉ። ጥፋተኛን የሚለዩበት መንገድ ገጀራቸውን የተጠርጣሪው ደረት ላይ ማድረግ ነበር፤ ገጀራው ቀይ ከሆነ ሰውየው ገድሏል ማለት ነው ይሉ ነበር። ገጀራው ቀላ ብለው የፈረዱበት ሰው አደባባይ ላይ ተቆራርጦ ይቃጠላል። ወጣቶቹ ስልክና ሬዲዮ ባለበት ከተማ፣ በኛ ዘመን የኖሩ ናቸው። ዛሬ ታክሲ ተራ ላይ «ሌባ! ሌባ! ያዘው!» የሚለው ጩኸት ሲሰማ የሚሆነውም ብዙ አይለይም። ከሚደበድቡት ሃያ ሰዎች ውስጥ ስርቆቱን በዓይኑ ያየው አንድ ወይም ሁለት ቢሆን ነው። የቀሩት ያዩት የሚሮጥ ሰው ብቻ ነው። ምሽት ላይ፣ በግፊያ መካከል፣ ሌባውም ይሮጣል፤ ሌባውን የሚያባርረው ባለንብረትም ይሮጣል፤ ግርግሩን ሸሽቶ የሚያመልጠውም ይሮጣል። መጀመሪያ የተያዘው መጀመሪያ ይመታል።

«ታዲያ ምን እናድርግ?» የሚለው ጥያቄ ቀልድ አይደለም፤ ደኅና መልስ ይገባዋል። የብዙ ወር ቁጠባዋን አውጥታ የገዛችው ስልክ ከእጇ የተመነተፈባት ሴት፣ በክረምት መግቢያ ላይ የእርሻ በሬው የተነዳበት ገበሬ ወደ ፖሊስ ሲሄዱ «መርማሪው የለም፣ ነገ ተመለሱ» ይባላሉ። ተጠርጣሪው ከተያዘም በሦስተኛው ቀን ሰፈር ውስጥ ሲንጎራደድ ይታያል። ምስክር የሆነን ሰው ያስፈራራል። ጉቦ ተበላ ይባላል፤ አንዳንዴም እውነት ነው። ሕግ ይፈጽማል ብሎ የሚጠብቀው ተቋም በተደጋጋሚ ያላገዘውን ሰው «ሕጉን ጠብቅ» ማለት ቀላል የሚሆነው ላልተዘረፈ ሰው ነው። በሰዎች ላይ በደል ሲደርስ ቁጣቸው ተገቢ ነው፤ እኔም አብሬ እቆጣለሁ። ክርክሬ ቁጣው ወዴት ይሂድ የሚለው ላይ ነው።

በራስ እጅ ፍርድ መስጠት በመጀመሪያዎቹ ወራት ውጤት የሚያመጣ መምሰሉንም መካድ አይገባም። ባካሲ ቦይስ ሲመጡ አባ ላይ ዝርፊያ ቀነሰ፤ ሕዝቡ በጭብጨባ ተቀበላቸው፤ የክልል አስተዳዳሪዎችም ደጋፊ ሆኑ፤ አናምብራ ውስጥ ሕጋዊ ሽፋን ጭምር ተሰጣቸው። ብዙም ሳይቆይ ግን የግል ዕዳ ማስከፈያ፣ የፖለቲካ ተቀናቃኝ ማስፈራሪያና ማሰቃያ ሆኑ። ሂዩማን ራይትስ ዎች እ.ኤ.አ. በ2002 ስለ ግድያዎቻቸው ዝርዝር ዘገባ አወጣ፤ የፌዴራሉ ፖሊስም ዘመተባቸው። በደቡብ አፍሪካዋ ኬፕ ታውን ደግሞ ፓጋድ የተባለው ድርጅት የዕፅ አዘዋዋሪ ወሮበሎችን ለመዋጋት ተነሣ። አባላቱ እናቶች፣ አባቶች፣ የሰፈር ሽማግሌዎች ነበሩ። እ.ኤ.አ. ኦገስት 4 ቀን 1996 ከሰልፈኞቹ መካከል የወጡ ሰዎች ራሻድ ስታጊ የተባለውን የወሮበሎች አለቃ ቤቱ ደጃፍ ላይ ተኩሰው አቃጠሉት። ብዙዎች እሰየው አሉ፤ ሰውየው በእርግጥም ወሮበላ ነበር። ከአራት ዓመት በኋላ፣ በሴፕቴምበር 2000፣ የፓጋድ አባላትን ጉዳይ ሲያይ የነበረ ዳኛ በጥይት ተገደለ። ኬፕ ፍላትስ የተባሉት የከተማዋ ሰፈሮች ወሮበሎች ዛሬም እዚያው ናቸው።

ከስታጊ እስከ ዳኛው ያለው መንገድ ድንገት የመጣ አይመስለኝም። ጥፋተኛን ያለ ማስረጃ የሚለይ ቡድን «ተሳስታችኋል» የሚለውን ሰው የሚመልስበት ሌላ ቋንቋ የለውም። ጠያቂውም የወሮበላ ደጋፊ ይባላል። ይህን የእኛ አገር ሰው ከማንም በላይ ያውቀዋል፤ በደርግ ዘመን፣ በ1969 እና በ1970 ዓ.ም.፣ «ነፃ እርምጃ» ተብሎ የፍርድ ሥልጣን እስከ ቀበሌ አብዮት ጥበቃ ድረስ ወርዶ ነበር። ሥልጣኑ የተሰጠው ፀረ ሕዝብን ለመመንጠር ነው ተባለ። በተግባር ግን የድንበር ጠብ፣ የቤት ክርክር፣ የፍቅር ቅናት ሁሉ በአንድ ቃል ተጠቅልሎ ወደ ጥይት ተለወጠ። ጎረቤት በጎረቤቱ ላይ ሲፈርድ ሁለቱ ከዚያ በፊት ያላቸው ቂምም አብሮ ይፈርዳል። ዳኛ ከተከሳሹ ጋር ዝምድና ወይም ጠብ ካለው ከችሎት እንዲነሣ ሕግ የሚያስገድደው ለዚህ ነው። ከደቦ ውስጥ ግን ማንም ተነሥ አይባልም።

አንዳንዶች ደግሞ «የኛ ሽማግሌዎችም ከፍርድ ቤት ውጭ ነው የሚፈርዱት፤ ታዲያ እነሱንም ልታወግዝ ነው?» ይሉኛል። ጥሩ ጥያቄ ነው፤ ነገሩን የሚለየው የመንግሥት ማኅተም እንዳልሆነ ያሳያልና። ሽምግልና ላይ ከሳሹ ይናገራል፣ ተከሳሹ ይናገራል፤ አንዱ ሲናገር ሌላው ዝም ይላል፤ ነገሩ ካልጠራ ቀጠሮ ይሰጣል። በኦሮሞ ጉማም ሆነ በሌሎች ብሔረሰቦች የደም ማድረቅ ሥርዓቶች ገዳይ እንኳ የሚሸሸግበት፣ ወገኖቹ የሚለምኑለት፣ ሽማግሌ የሚገባበት ጊዜ አለ። በድሮው የነገሥታት ዘመን ገዳይ ለሟች ዘመዶች ተላልፎ ይሰጥ ነበር፤ ይህን ዛሬ ማንም አይመኘውም። ያ እንኳ የሚሆነው በዙፋን ችሎት ተሟግቶ ከተፈረደበት በኋላ ነው። መንገድ ላይ የተጣሉ ሰዎች አላፊ አግዳሚውን ዳኛ አድርገው ይሟገቱ ነበር፤ ዱላ ያነሣ ሰው «በሕግ አምላክ» ሲባል እጁን ይሰበስብ ነበር። በባህል ስም ለደቦ ፍርድ የሚከራከር ሰው የባህሉን ዋና ነገር ትቶታል፤ ባህሉ ከሁሉ አስቀድሞ የሚያዘው መስማትን ነው።

ሕጉም ቢሆን ሕዝቡን እጁን አጣጥፎ ተመልካች እንዲሆን አላዘዘውም። በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 50፣ ከሦስት ወር በማያንስ ቀላል እስራት የሚያስቀጣ ወንጀል እጅ ከፍንጅ ሲፈጸም ማንኛውም ሰው ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ አጥፊውን መያዝ እንዲችል ፈቅዷል። አንቀጽ 20 ደግሞ ወንጀል ፈጽሞ ሲሸሽ ሕዝብ የሚያሳድደውን፣ የድረሱልኝ ጩኸት የተሰማበትንም ሰው ከዚሁ ጋር ይቆጥራል። «ሌባ! ያዘው!» ብሎ ተሯሩጦ መያዝ ሕጋዊ ነው፤ በጎም ነው። ግዴታው የተያዘውን ሰው ሳይዘገዩ ለፖሊስ ማስረከብ ነው። በራስ ወይም በሌላው ላይ የተቃጣን ጥቃት መከላከልም በ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 78 ተፈቅዷል፤ ጥቃቱ የቀረበና በሌላ መንገድ የማይመለስ፣ መከላከሉም ተመጣጣኝ ከሆነ። ቢላ የመዘዘን ሰው በዱላ መትቶ ማስጣል መከላከል ነው። ቢላው ከወደቀ፣ ሰውየው መሬት ላይ ከተጋደመ፣ አራት ሰው እጅና እግሩን ከያዘው በኋላ የሚያርፈው ዱላ ግን ማንን ከምን ይከላከላል? መስመሩ ይህን ያህል ግልጽ ነው፤ ቦታው ላይ ያለ ሰው ሁሉ በዓይኑ ሊያየው ይችላል።

«ቢያንስ ሌሎቹ ይፈራሉ» የሚለው ሙግትም አለ። ጣሊያናዊው ቼዛሬ ቤካሪያ እ.ኤ.አ. በ1764 ወንጀልን የሚገታው የቅጣቱ ጭካኔ ሳይሆን የማይቀር መሆኑ ነው ብሎ ጽፏል፤ ከዚያ ወዲህ የወንጀል ጥናት በአመዛኙ ይህንኑ ደግፏል። የደቦ ቅጣት እጅግ ጨካኝ ነው፣ ግን ዕጣ ነው፤ አንዱ ላይ ይወርዳል፣ ዘጠኙ ያመልጣሉ። ዕጣው የሚወጣበትም ብዙውን ጊዜ ጀማሪው ልጅ፣ መንገዱን የማያውቀው እንግዳ፣ የአእምሮ ሕመምተኛው ነው፤ የለመደው ሌባ ማምለጫውን አስቀድሞ አይቷል። በዚያ ላይ የተሰረቀ ስልክ የሚከፍትና የሚሸጥ፣ የተነቀለ ስፖኪዮ የሚገዛ ሰው ከሌለ ስርቆት ንግድ አይሆንም። መንገድ ላይ ተደብድቦ የሞተ ልጅ ዕቃውን ለማን ያቀብል እንደነበር አይናገርም። ገዢው በማግስቱ ሌላ ልጅ ይልካል።

የተሳሳተ ፍርድ ማን ላይ እንደሚወድቅ ለማየት ደግሞ ደቡብ አፍሪካ ያሉ ወገኖቻችንን ማሰብ ይበቃል። በጆሃንስበርግ ጄፒ በተባለው የገበያ አካባቢ የሚነግዱ፣ በየሰፈሩ አነስተኛ ሱቅ የከፈቱ ኢትዮጵያውያን ለዓመታት በፍርሃት ኖረዋል፤ «ወንጀል ያመጡት የውጭ ሰዎች ናቸው» የሚል ሕዝብ ስንቴ ሱቃቸውን ሰብሯል። እ.ኤ.አ. በሜይ 2008 በተነሣው ጥቃት 62 ሰዎች ሲገደሉ፣ ከነሱ 21ዱ የገዛ አገሪቱ ዜጎች ነበሩ። የውጭ ሰው እያደነ የወጣው መንጋ ከሦስት ሟቾች በአንዱ ተሳስቷል፤ ያልተሳሳተባቸውም ቢሆኑ በምን ጥፋታቸው ሞቱ? እ.ኤ.አ. በ2021 ሶዌቶ ላይ የተነሣው ኦፕሬሽን ዱዱላ የተባለው ቡድንም ወንጀልን እንዋጋለን እያለ የሰዎችን ፓስፖርትና መታወቂያ ይጠይቅ ነበር፤ በኖቬምበር 2025 የጆሃንስበርግ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ይህን እንዳያደርግ ከለከለው። እዚያ ያለ ወንድማችን «አጣሩ፣ ስሙኝ» ሲል የምንደግፈው ከሆነ፣ እዚህ በማናውቀው ልጅ ላይ ስንረባረብም ያንኑ ማለት ይኖርብናል።

የመንግሥት ዕዳ ግን በዚህ አይሰረዝም። የደቦ ፍርድ የሚበረታው ሕዝብ የፍትሕን ሥራ በዓይኑ በማያይበት ቦታ ነው፤ ብዙው ቁጣም ከመረጃ እጦት ይወለዳል። ተጠርጣሪ በዋስ ሲለቀቅ ክሱ አልቆመም፤ ዋስትና በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 የታወቀ መብት ነው፣ ነጻ ነህ ማለትም አይደለም። ይህን ግን ለተበዳዩ ማን ነገረው? ሌባውን ሰፈር ውስጥ ሲያየው ጉቦ ተበላ ብሎ ቢደመድም አይፈረድበትም። ዐቃቤ ሕግ ዋስትና የተሰጠበትን ምክንያት ለአቤቱታ አቅራቢው በቀላል አማርኛ ወይም በራሱ ቋንቋ ሊያስረዳው ይገባል። ምስክር ሲያስፈራራ የተገኘ ሰው ዋስትናው እንዲነሣ በዚያው ሳምንት መጠየቅ አለበት። በደቦ ግድያ የተሳተፉ ሰዎችም «ሕዝብ ነው የገደለው» በሚል ሽፋን እንዳያመልጡ፣ ቪዲዮ እየታየ የእያንዳንዳቸው እጅ ተለይቶ ክስ ሊመሠረትባቸው ይገባል፤ ሕዝብ የሚባል ተከሳሽ የለም። ለፖሊስ ጣቢያዎች ያለኝ ጥያቄ ደግሞ ትንሽ ነው፤ አቤት ብሎ የመጣ ሰው በቃል ብቻ «ነገ ተመለስ» ተብሎ አይሸኝ፤ የመዝገቡን ቁጥር፣ የመርማሪውን ስምና የሚመለስበትን ቀን በወረቀት ይዞ ይውጣ።